ከሥራ በኋላ ፒያኖ መማር፦ ግማሽ ሰዓቴን እንዴት ልጠቀምበት? ፍላጎቴንስ እንዴት ላቆየው?

የማታ ተለማማጅ፦

ጤና ይስጥልኝ። ፒያኖ መማር የጀመርኩት ሠላሳ አምስት ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው። ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ እውላለሁ፤ ቤት ስገባ ሁለት ልጆች ይጠብቁኛል፤ እነርሱን አብልቼ፣ የቤት ሥራቸውን አይቼና አስተኝቼ ለራሴ የሚተርፈኝ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው። በሳምንት አንድ ቀን ከመምህር ጋር እማራለሁ፤ በሌሎቹ ቀናት ቤት ባለኝ ኪቦርድ እለማመዳለሁ። ኖታ ቀስ ብዬ አነባለሁ፤ በሁለት እጅ የሚመቱ አጫጭር የሙዚቃ ሥራዎችንም እጫወታለሁ። በመጀመሪያው ዓመት በየሳምንቱ አንድ አዲስ ነገር ስለምጨምር ጉጉቴ አልቀዘቀዘም ነበር፤ ካለፉት ጥቂት ወራት ወዲህ ግን አንድ ሥራ ላይ ተተክዬ ቀርቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በየምሽቱ ከመጀመሪያው ባር (ኖታው በቁም መስመሮች ከሚከፈልባቸው ትንንሽ ክፍሎች) እነሣና እስከ ስምንተኛው ደኅና እሄዳለሁ። ዘጠነኛው ላይ ግራ እጄ ከታች ካለው ነጠላ ኖታ ተነሥቶ ራቅ ብሎ በሚገኝ፣ ሦስት ድምፆች በአንድነት በሚመቱበት ኮርድ ላይ ማረፍ አለበት፤ እዚያ ስደርስ ጣቶቼ ይተሳሰራሉ። ቆም ብዬ አስተካክልና እንደገና ከመጀመሪያው እጀምራለሁ፤ እዚያው ቦታ ላይ ደግሞ እሰናከላለሁ። እንዲህ እያልኩ ሰዓቱ ያልቃል፤ የምነሣውም ስቀመጥ ከነበርኩበት አንድ እርምጃ ሳልራመድ ነው። ይህ ሲደጋገም፣ ቀን ላይ ስናፍቀው የምውለው ልምምድ ማታ ሲደርስ ይከብደኝ ጀምሯል፤ አንዳንድ ቀንም ሰበብ ፈልጌ እተወዋለሁ።

በእኔ ቦታ ብትሆኑ ይህን ግማሽ ሰዓት እንዴት ትጠቀሙበት ነበር? በሥራና በቤተሰብ መካከል ሆናችሁ ለዓመታት የዘለቃችሁስ ፍላጎታችሁ እንዳይበርድ ምን ረዳችሁ? በዚህ ዕድሜ የጀመረ ሰው እጁ በእርግጥ ይፈታ እንደሆነም ማወቅ እፈልጋለሁ፤ በዚህ ረገድ ከማጽናኛ ይልቅ እውነቱ ይሻለኛል።

የጎልማሶች መምህርት፦

ሥራዬ እንደ እርስዎ ላሉ ጎልማሶች ፒያኖ ማስተማር ነው፤ የጻፉትንም ከብዙ ተማሪዎቼ አፍ ሰምቼዋለሁ። ከልምምዱ አካሄድ እጀምራለሁ፤ ፍላጎት የምንለው ነገር በአብዛኛው የሚመጣው ከዚያ ነውና። ብዙ ሰው ፍላጎት ቀድሞ ልምምድ የሚከተለው ይመስለዋል። በተማሪዎቼ ላይ የማየው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ሲቀመጥ ያልቻለውን አንድ ትንሽ ነገር ችሎ የሚነሣ ሰው በነጋታው ማንም ሳይገፋው ተመልሶ ይቀመጣል። የእርስዎ ግማሽ ሰዓት አሁን ባለበት አኳኋን ይህን ሊሰጥዎ አይችልም። ከመጀመሪያው እየጀመሩ እስከ ዘጠነኛው ባር ሲመላለሱ ጊዜዎን የሚወስዱት ምንም እርዳታ የማያስፈልጋቸው ስምንቱ ባሮች ናቸው፤ ችግር ያለበት ቦታ በእያንዳንዱ ዙር የሚያገኘው ሁለትና ሦስት ሰከንድ ብቻ ነው፤ እርሱም በስሕተት ያልፋል። እጅ ደግሞ የደጋገመውን ሁሉ፣ ትክክሉንም ስሕተቱንም፣ እኩል ይማራል።

ዛሬ ማታ የመጀመሪያውን ባር አይንኩት። የስምንተኛውን ባር የመጨረሻ ምትና የዘጠነኛውን ኮርድ ብቻ ይያዙ፤ ቀኝ እጅዎ ጭንዎ ላይ ይረፍ። የታችኛውን ኖታ በትንሿ ጣትዎ፣ ማለትም በ5ኛዋ፣ ይምቱ፤ ከዚያ እጅዎ ገና ሳይነሣ ዓይንዎ ኮርዱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ አስቀድሞ ይድረስ። ዝላይ የሚሳተው ብዙውን ጊዜ ዓይን ከእጅ ጋር አብሮ ስለሚጓዝ ወይም የኖታው ገጽ ላይ ተተክሎ ስለሚቀር ነው። እጅዎን ከቁልፎቹ ብዙ ሳያርቁ ይውሰዱት፤ ጣቶችዎም የኮርዱን ቅርጽ ገና በመንገድ ላይ ሳሉ ይያዙ። ሲደርሱ ወዲያው አይምቱ፤ ቁልፎቹን በመንካት ብቻ ሦስቱም ጣቶች በየቦታቸው መሆናቸውን ይመልከቱ፤ ከሆኑ ይጫኑ። ይህ በጣም ዝግ ያለ ሥራ ነው፤ የሚጠቅመውም በዚህ ዝግታ እጅ ለመሳሳት ዕድል ስለማያገኝ ነው። ደጋግሞ ሲሳካልዎት መንካቱንና መጫኑን ያገናኙት፤ ከዚያም በዚያው ምት ላይ የሚመጣውን የቀኝ እጅ ኖታ ይጨምሩ፤ ቀጥሎ ከኋላ አንድ ምት፣ ከፊት አንድ ምት እያሉ ያስፉት። ምት የሚቆጥረው መሣሪያ፣ ሜትሮኖም፣ የሚያስፈልገው ከዚህ በኋላ ነው፤ በደቂቃ 60 ምት ላይ የሚያሰናክልዎ ከሆነ ያለ ምንም ኀፍረት ወደ 40 ይውረዱ።

አሥር ደቂቃ ያህል እንዲህ ከሠሩ በኋላ ቦታውን ይተዉትና ሌላ ነገር ይያዙ፤ ከመነሣትዎ በፊት ደግሞ አንድ ጊዜ ብቻ ተመልሰው ይሞክሩት። ይህን መመለስ ከሁሉም በላይ አጥብቄ እመክራለሁ። አንድን ነገር አከታትሎ በመደጋገም የሚገኘው ቅልጥፍና በከፊል የዚያች ሰዓት ብቻ ነው፤ እጅ መማሩ የሚታወቀው በመካከል ሌላ ነገር ሠርቶ ሲመለስ ነው። ስለ እንቅስቃሴ ትምህርት የተደረጉ ጥናቶችም የተለያዩ ነገሮችን እያፈራረቁ መለማመድ ለጊዜው ደካማ ውጤት ያለው ቢመስልም፣ ከቀናት በኋላ ሲፈተን አብልጦ እንደሚጸና በተደጋጋሚ አሳይተዋል። እንቅልፍም የራሱ ድርሻ አለው፤ የተለማመድነው የጣት ቅደም ተከተል በእንቅልፍ ጊዜ በአእምሯችን ውስጥ ይጠናከራል። ስለዚህ ማታ አልሆን ያለዎት ቦታ በነጋታው ተሻሽሎ ቢያገኙት አይገረሙ፤ ደክሞዎት የሠሩትንም ምሽት ባክኗል ብለው አይቁጠሩት።

ስለ ዕድሜ እውነቱን ጠይቀዋል። አንድን ድምፅ ያለ ምንም ማመሳከሪያ ሰምተው «ይህ ላ ነው» ብለው የሚለዩ ሰዎች በአብዛኛው ሙዚቃን የጀመሩት ገና በሕፃንነታቸው ነው፤ ጎልማሳ ሆኖ የጀመረ ሰው ይህን ችሎታ ተስፋ ባያደርግ ይሻላል። በሠላሳዎቹ ጀምሮ በታላላቅ መድረኮች ላይ ብቻውን የሚጫወት ባለሙያ መሆንም እጅግ ብርቅ ነው። ከእነዚህ ውጭ ግን በዕድሜ ምክንያት የሚዘጋብዎት ነገር ያለ አይመስለኝም። አንድ ድምፅ ከሌላው ምን ያህል እንደሚርቅ በጆሮ መለየት በየትኛውም ዕድሜ ይለመዳል፤ ለመጫወት የሚያስፈልገውም ይኸኛው ነው። ጎልማሳ ደግሞ ነገሩን የመረዳት አቅም አለው። ዶ፣ ሚ፣ ሶል፣ ዶ ተከታትለው ተጽፈው ሲያይ ልጅ አራት ኖታ ያነባል፤ አዋቂ ሰው ግን እነዚህ የተበተነ አንድ ኮርድ መሆናቸው አንድ ጊዜ ከተነገረው በሌላ ገጽ ላይም ያውቃቸዋል። ፈረንሳዊው የሙዚቃ ደራሲ ኤሪክ ሳቲ የራሱን ሥራዎች ማሳተም ከጀመረ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1905፣ በ39 ዓመቱ፣ ፓሪስ በሚገኘው ስኮላ ካንቶረም በተባለ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተመዝግቦ ኮንትራፑንት፣ ማለትም ብዙ ዜማዎችን አስማምቶ በአንድ ላይ የማስኬድ ጥበብ፣ ተምሯል። እርግጥ እርሱ ፒያኖ ቀድሞም ያውቅ ነበር፤ ያን የመሰለ ሰው በዚያ ዕድሜ ከወጣቶች ጋር ተማሪ ሆኖ መቀመጡ ግን ሁልጊዜ ያስደስተኛል።

ጎልማሳን ከዕድሜው ይልቅ የሚፈትነው ሌላ ነገር ነው። ሠላሳ ዓመት ጥሩ ሙዚቃ ሲሰማ የኖረ ጆሮ ይዞ፣ ትናንት በጀመረ እጅ ይጫወታል። በልጅ ላይ ጆሮውም እጁም አብረው ስለሚያድጉ የሚያወጣው ድምፅ አያስከፋውም፤ አዋቂው ግን ገና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የጎደለውን ሁሉ ይሰማል። ትምህርታቸውን ካቋረጡት ተማሪዎቼ ብዙዎቹ የሚሰጡት ምክንያት የጊዜ እጥረት ነው፤ እኔ ግን የሚበዙት የራሳቸው ድምፅ ስላሳዘናቸው ነው ያቋረጡት የሚል እምነት አለኝ። የሚረዳው ነገር ጆሮን የሚያረካ ቀላል ሥራ መምረጥ ነው፤ እንዲህ ያለ ሥራም ሞልቷል። ሃንጋሪያዊው የሙዚቃ ደራሲ ቤላ ባርቶክ እ.ኤ.አ. ከ1926 እስከ 1939 ባሉት ዓመታት የጻፋቸውና ሚክሮኮስሞስ በሚል ርእስ በስድስት ጥራዝ የወጡት 153 አጫጭር ሥራዎች የሚጀምሩት አምስቱ ጣቶች ከቦታቸው ሳይነሡ ከሚመቷቸው ዜማዎች ነው፤ በጥንቃቄ ከተመቱ ግን ትልቅ ሰው ቁጭ ብሎ የሚያዳምጣቸው ናቸው።

ስለዚህ በአንድ ጊዜ አንድ የሚከብድ፣ በቀን ከሁለት መስመር በላይ የማይነኩት ሥራ፣ አንድ ከአቅምዎ ዝቅ ያለና በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት የሚያልቅ፣ ሌላ ደግሞ ቀድመው የቻሉትና እንዳይጠፋብዎ የሚጠብቁት ይኑርዎ። የመጨረሻውን ብዙዎች ይንቁታል። «እስኪ አንድ ነገር ተጫወትልን» የተባለ ተማሪ፣ ባለፈው ወር የቻለውን ስለጣለውና የዚህ ወሩን ገና ስላልቻለው፣ የሚጫወተው ያጣል፤ ዓመት ሙሉ ተምሮም ምንም እንደማያውቅ ሆኖ ይሰማዋል።

ኖታ ቀስ ብለው እንደሚያነቡም ጽፈዋል። ፊደል በቅርቡ የለየ ልጅ ቃሉን ትቶ ፊደል በፊደል እንደሚያነብ ሁሉ ጀማሪም ኖታ በኖታ ያነባል፤ ይህ የሚለቀው ብዙ በማንበብ ብቻ ነው። በጣም የሚቀልዎትን መጽሐፍ ይዘው በየቀኑ አንድ አዲስ መስመር፣ ሳይመለሱና ሳያርሙ፣ ምቱን ጠብቀው አንብበው ይለፉት።

የሌሊት ተረኛ፦

መምህርት ስለ አለማመዱ የጻፉትን ተቀብዬ ስለ ጊዜው ጥቂት ልጨምር። የምሠራው ሆስፒታል ውስጥ በፈረቃ ነው፤ አንዱን ሳምንት ቀን፣ ሌላውን ሌሊት። «በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ተለማመድ» የሚለው የተለመደ ምክር እንደ እኔ ላለ ሰው አይሠራም፤ ልጆች ላሉት ሰውም የሚሠራ አይመስለኝም፤ አንዱ ልጅ ባተኮሰው ዕለት ያ ሰዓት ይፈርሳልና። ልምምዴን ያሰርኩት በየዕለቱ ከማይቀር ድርጊት ጋር ነው፤ ከሥራ ተመልሼ ልብሴን እንደቀየርኩ፣ ሌላ ነገር ሳልይዝ፣ ፒያኖው ፊት እቀመጣለሁ። ጠዋት ይሁን እኩለ ሌሊት ለውጥ የለውም። ለእርስዎ ይህ ድርጊት ልጆቹን አስተኝቶ መብራታቸውን ማጥፋት ሊሆን ይችላል፤ አደራ የምለው ግን ሶፋ ላይ አረፍ ከማለትዎ በፊት ይሁን። የደከመ ሰው አንዴ ከተደገፈ መነሣት ይከብደዋል።

የደከመን ሰው የሚያስቀረው ብዙውን ጊዜ ከልምምዱ በፊት ያለው ጥቃቅን ነገር ነው፦ ሽፋኑን ማንሣት፣ ገመድ መሰካት፣ መጽሐፉን መፈለግ፣ ከዚያም ዛሬ ከየት ልጀምር ብሎ ማሰብ። የእኔ ዲጂታል ፒያኖ ማዳመጫው እንደተሰካ፣ መጽሐፉም በገጹ እንደተገለጠ ያድራል። ከመነሣቴ በፊት በገጹ ጠርዝ ላይ በእርሳስ አንድ መስመር እጽፋለሁ፤ «ባር 14፣ ቀኝ እጅ ብቻ፣ አውራ ጣት ከ3ኛዋ ሥር ቀደም ብሎ ይለፍ» የሚል ዓይነት። በማግስቱ ደክሞኝ ስቀመጥ ምን ልሥራ ብዬ መወሰን አይጠበቅብኝም፤ የተጻፈውን እሠራለሁ። ማዳመጫ በሌሊት ለሚለማመድ ሰው ትልቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን ሙዚቃው ባይሰማም የቁልፎቹ ንዝረት በወለሉ በኩል ከታች ላለው ጎረቤት ይደርሳልና ከመሣሪያው ሥር ወፍራም ምንጣፍ ቢያነጥፉ መልካም ነው።

በጣም የደከመኝ ቀን አንድ የማውቀውን መስመር ተጫውቼ እነሣለሁ፤ ያንንም ልምምድ ብዬ እቆጥረዋለሁ፤ ልማዱ ሳይቋረጥ አድሯልና። በሕመም ወይም በሥራ ብዛት ለሳምንታት የሚቋረጥበት ጊዜም ይመጣል። ያን ጊዜ ሲመለሱ በቀጥታ ወደ ተሰናከሉበት ባር አይሂዱ፤ መምህርት «ቀድመው የቻሉት» ያሉትን ሥራ ለጥቂት ቀናት እየተጫወቱ እጅዎን ያፍታቱ። እጅ የረሳ ቢመስልም በመጀመሪያው ጊዜ ከወሰደበት በጣም ባነሰ ጊዜ መልሶ ይይዛል።

በስልክ መቅዳትም እጅግ ጠቅሞኛል። አንድ ቀላል ሥራ መርጬ በየወሩ መጨረሻ እቀዳዋለሁ፤ ዛሬን ከትናንት ጋር ሳይሆን ከጥቂት ወራት በፊት ከተቀዳው ጋር አስተያያለሁ። ከቀን ወደ ቀን የሚታይ ለውጥ የለም፤ በወራት ርቀት ግን ምቱ እየረጋ፣ ግራ እጅ ከዜማው በላይ መጮኹን እየተወ ሲሄድ በግልጽ ይሰማል። ከመሣሪያው ርቀው ሳሉም ኖታውን ይዘው ጣቶችዎ የት እንደሚያርፉ በሐሳብዎ መከተል ይችላሉ፤ ዘጠነኛውን ባር በምሳ ዕረፍትዎ ላይ በዚህ መንገድ ደጋግመው ካለፉበት ማታ ሥራው ይቀልልዎታል።

በአንድ ነገር ብቻ ከመምህርት ትንሽ እለያለሁ። ሦስት ሥራ በአንድ ምሽት ግማሽ ሰዓት ላለው ሰው ይበዛል ባይ ነኝ፤ ዛሬ ሁለቱን፣ ነገ ሦስተኛውንና አንዱን እያደረጉ ማዞሩ የሚሻል ይመስለኛል።

አጃቢ፦

እስካሁን የተጻፈው ሁሉ ብቻውን ክፍል ውስጥ ስለሚለማመድ ሰው ነው። እኔን ለዓመታት ያቆየኝ ግን የሚጠብቁኝ ሰዎች መኖራቸው ነው። በየሳምንቱ መጨረሻ ከጥቂት ወዳጆቼ ጋር እንሰበሰባለን፤ እነርሱ ይዘምራሉ፣ እኔ አጅባለሁ። የምጫወተው ከባድ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ቅዳሜ ሲደርስ ያ መዝሙር በእጄ መግባት ስላለበት ረቡዕ ማታ ምንም ቢደክመኝ እቀመጣለሁ። ጎልማሶች የሚማሩበት መንገድ በተጻፈ ኖታ ላይ ብቻ ሲያተኩር ሰውየው ለዓመታት ከማንም ጋር ሳይጫወት ይቀራል፤ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው ብዬ አምናለሁ፤ የኖታ ትምህርቱን ግን ይተዉት ማለቴ አይደለም።

ለማጀብ የሚያስፈልገው እርስዎ ከሚገምቱት ያነሰ ነው። ዶን መነሻው በሚያደርገው ቅኝት፣ በዶ ሜጀር፣ ይጀምሩ። ቀኝ እጅዎን ዶ፣ ሚ፣ ሶል ላይ ያሳርፉ። ወደ ፋ ኮርድ ለመሄድ እጅዎን አንሥተው ፋ ላይ ማረፍ አያስፈልግዎትም፤ አውራ ጣትዎ ዶ ላይ እንዳለ ሌሎቹ ሁለቱ ከሚ ወደ ፋ፣ ከሶል ወደ ላ አንድ አንድ ቁልፍ ይራመዱ፤ ዶ፣ ፋ፣ ላ ሆነ። ወደ ዶ ኮርድ ይመለሱና ወደ ሶል ኮርድ ይሂዱ፤ አሁን ሶል ላይ ያለችው ትንሿ ጣት ትቆይና የቀሩት ከሚ ወደ ሬ፣ ከዶ ወደ ሲ ዝቅ ይበሉ፤ ሲ፣ ሬ፣ ሶል ሆነ። ግራ እጅ ከታች የኮርዱን መሠረት፣ ዶን፣ ፋን ወይም ሶልን፣ በነጠላ ኖታ ይመታል። በእነዚህ ሦስት ኮርዶች ብቻ የሚታጀቡ መዝሙሮችና ዘፈኖች እጅግ ብዙ ናቸው፤ የላ ማይነርን ኮርድ (ላ፣ ዶ፣ ሚ) ሲጨምሩ ደግሞ ይበልጥ ይበዛሉ። ለዚህ በሳምንት ሁለት ምሽት ላይ አሥር አሥር ደቂቃ ቢሰጡትና ልጆችዎ የሚወዱትን አንድ ዜማ ቢያጅቡላቸው፣ የሚዘምርልዎት ሰው ከቤትዎ ሳይወጡ አገኙ ማለት ነው።

የማታ ተለማማጅ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ሁለቱን ምቶች ብቻ ይዤ ተቀመጥኩ። ዓይኔ ወዴት እንደሚሄድ ስከታተል፣ ኮርዱ በሚመጣበት ቅጽበት የማየው ኖታውን እንጂ ቁልፎቹን እንዳልነበረ አስተዋልኩ። ዓይኔን አስቀድሜ ስልክ እጄ ተከተለ፤ ገና በጣም ቀስ ብዬ ነው፤ ቢሆንም አረፈ። ከመነሣቴ በፊት ተመልሼ ስሞክረው ግን አንዱ ጣት ስቷል፤ ዛሬ የምጀምርበትን መስመር በእርሳስ ጽፌያለሁ። የመዝሙሩን ነገር ደግሞ ለልጆቼ ነግሬያቸው ዜማውን ለመምረጥ እየተከራከሩ ነው።

አንድ ያልጠቀስኩት ነገር አለ። ሃያ ደቂቃ ያህል ከተጫወትኩ በኋላ ከእጅ አንጓዬ እስከ ክርኔ ድረስ ያመኛል። እጄ እስኪጠነክር ድረስ የሚጠበቅ ነው ወይስ ልጨነቅ ይገባኛል? ኪቦርዴ ባለ 61 ቁልፍ ነው፤ ቁልፎቹም ቀላል ናቸው፤ የማስቀምጠውም የጽሕፈት ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ወደ ሌላ መሣሪያ መቀየር ይኖርብኝ ይሆን?

የጎልማሶች መምህርት፦

የሕመሙን ነገር አስቀድሜ ልመልስ። ሕመም የጥንካሬ መንገድ አይደለም፤ ሲጀምርዎ ያቁሙ፣ ተቋቁመውም አይቀጥሉ። ድካም በዕረፍት ይለቃል፤ ልምምዱን ካቆሙ በኋላ የሚሰነብት ሕመም፣ የጣት መደንዘዝ ወይም መውረር ካለ ግን ሐኪም ሊያየው ይገባል።

ምክንያቱን ሳይገልጹት የጻፉት ይመስለኛል። የፒያኖ ቁልፎች ከወለሉ ያላቸው ከፍታ ብዙውን ጊዜ 73 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የጽሕፈት ጠረጴዛ ራሱ ወደዚያው የሚጠጋ ከፍታ አለው፤ ኪቦርዱ በላዩ ሲቀመጥ ቁልፎቹ ከሚገባው በላይ ይወጣሉ፤ በተለመደ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰውም ትከሻውን አንሥቶና አንጓውን አጥፎ ለመጫወት ይገደዳል። ዛሬ ሲቀመጡ ክንድዎን ከጎን በኩል ያስተውሉ፤ ከክርንዎ እስከ እጅዎ ያለው መስመር ከወለሉ ጋር ትይዩ ካልሆነና ክርንዎ ከቁልፎቹ ዝቅ ካለ የሕመሙ ምንጭ ይህ ሊሆን ይችላል። ከፍ ዝቅ የሚል የኪቦርድ ማቆሚያ ካገኙ ጥሩ ነው፤ ለጊዜው ግን መቀመጫዎን ከፍ ያድርጉ፤ እግርዎ ወለሉን መርገጥ ካቃተው ከሥሩ የሚረግጡት ነገር ያስቀምጡ። የዘጠነኛው ባር ዝላይም ከዚህ ጋር የተያያዘ ሊሆን ይችላል፤ ትከሻው የተጨነቀ ክንድ በነጻነት ወደ ጎን አይጓዝምና።

ስለ መሣሪያው፣ ሙሉ ፒያኖ 88 ቁልፎች አሉት፤ 52ቱ ነጭ፣ 36ቱ ጥቁር ናቸው። እርስዎ ያለዎት 61 ቁልፍ አምስት ኦክታቭ (ከአንዱ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት አንድ ኦክታቭ ነው) ይሸፍናል፤ አሁን ለሚጫወቷቸው ሥራዎች በቂ ነው፤ ቁጥሩ አያስጨንቅዎት። አስፈላጊው ጥያቄ ቁልፉ ለጣትዎ ምን ዓይነት መልስ ይሰጣል የሚለው ነው። አንዱን ቁልፍ በቀስታ፣ ከዚያም በኃይል ይምቱት፤ ድምፁ በሁለቱም እኩል ከሆነ መሣሪያው ለስላሳና ጠንካራ አመታትን ሊያስተምርዎ ስለማይችል ሲመችዎ መቀየሩን አስቀድመው ያስቡበት። ድምፁ የሚለያይ ከሆነ ግን ጊዜ አለዎት። ሲቀይሩ ቁልፎቹ እንደ እውነተኛ ፒያኖ የሚከብዱ፣ ባለ 88 ቁልፍ ዲጂታል ቢመርጡ ማታ በማዳመጫ ለመለማመድ ያመችዎታል። ባለ ክር ፒያኖ ድምፁ የበለጠ ሕያው ነው፤ ነገር ግን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ቢቻል ሁለት ጊዜ፣ በባለሙያ መቃኘት አለበት፤ ልጆቹ ከተኙ በኋላም አይመታም።

የሌሊት ተረኛ ስለ ማዞሩ የሰጡትን ሐሳብ እቀበላለሁ፤ ለእርስዎ ጊዜ የሚስማማው እርሱ ነው። የአጃቢንም ሦስት ኮርዶች ከከባዱ ሥራ በፊት ቢያስቀድሟቸው እጅዎን ያሟሙቁልዎታል። በሚቀጥለው ትምህርትዎ ላይ ደግሞ ሥራውን ከመጀመሪያው ከመጫወትዎ በፊት ለመምህርዎ ዘጠነኛውን ባር ብቻ ያሳዩአቸው፤ ሕመሙንም ይንገሯቸውና አቀማመጥዎን ከጎን ሆነው እንዲመለከቱልዎ ይጠይቋቸው።